ትንፋሼ ጉሮሮዬ ላይ ይታነቃል፤ የትንፋሽ ልምምድ ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ዶክተር እንደምን ዋሉ። 17 ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ነው የምሠለጥነው፣ ርቀቴ 5,000 ሜትር ነው። ኢዚ (ቀስ ብዬ) ስሮጥ ምንም አልሆንም። ውድድር ላይ ወይም ትራክ ላይ ስፒድ ስንሠራ ግን ሰባተኛ ስምንተኛ ዙር ላይ ጉሮሮዬ ይታነቃል፣ አየር አልገባ ይለኛል፣ ስስብ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሳቆም አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይለቀኛል። አስም ነው ተብዬ ፓፍ ተሰጠኝ፣ ስድስት ወር ወሰድኩ፣ ለውጥ የለውም። ጓደኞቼ ቲክቶክ ላይ ያዩትን የትንፋሽ ልምምድ ይሠራሉ፤ በአፍንጫ ብቻ መሮጥ፣ ትንፋሽ መያዝ፣ ማስክ አድርጎ መሮጥ። እኔም ልጀምር? አሰልጣኜ ደግሞ ፈርተሽ ነው ይሉኛል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አብዛኛው ሯጭ «ትንፋሽ ያጥረኛል» ብሎ ያቆማል። አንቺ ግን በስንተኛው ዙር እንደሚጀምርሽ፣ የቱ ጋ እንደሚይዝሽ፣ አየሩ ሲገባ እንደሚያስቸግርሽ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚለቅሽ ነግረሽኛል። የመልሱ ግማሽ እዚያው ውስጥ አለ።

ቀድሜ የማስበውን ልንገርሽ። ጓደኞችሽ የሚሠሩትን አትጀምሪ። የትንፋሽ ልምምድ ግን ጀምሪ፤ ሌላ ዓይነት ነው፣ ወረድ ብዬ በዝርዝር እጽፍልሻለሁ። እንዲያውም ላንቺ ከእነሱ የበለጠ ሊጠቅምሽ ይችላል፤ ምክንያቱም የገለጽሽው ነገር አስም አይመስለኝም። በኃይል ስትሮጪ ማንቁርትሽ፣ ማለትም ጉሮሮሽ ውስጥ የድምፅ አውታሮች ያሉበት የአየር መግቢያ፣ እየጠበበ ይመስለኛል። ሳላይሽ በሽታሽ ይሄ ነው ብዬ አልፈርድም። ሐኪም ፊት ስትቀመጪ ግን ምን ብለሽ እንደምታስረጂና ምን እንደምትጠይቂ እንድታውቂ እፈልጋለሁ።

ከሳንባ ልጀምር፣ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ሳንባ ላይ ስለሚጭን። ቁጭ ብለሽ ሳለ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ብቻ ነው የምታስገቢው። በ5,000 የመጨረሻ ዙሮች ላይ ይሄ ወደ 100 ሊትር ይጠጋል። ጤነኛ ሳንባ ይህን ይችለዋል። በጤነኛ ወጣት ሯጭ ላይ ብዙውን ጊዜ አቅሙ ቀድሞ የሚያልቀው ሌላ ቦታ ነው፤ ልብ በደቂቃ የምትረጨው ደም ላይና እግር ያንን ኦክስጅን የመጠቀም ችሎታው ላይ። «ትንፋሽ አጠረኝ» የሚለው ስሜት ራሱ በአብዛኛው ኦክስጅን ስላለቀ አይደለም የሚመጣው። ሰውነትሽ የሚያመርተው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ጡንቻሽ ውስጥ የሚጠራቀመው አሲድ አንጎልሽን ቶሎ ቶሎ ተንፍሺ እያሉ ይገፉታል። ስለዚህ በፍጥነት ላይ ማለክለክ በሽታ አይደለም። መጀመሪያዎቹን ሁለት ዙር ከአቅምሽ በላይ ከመሪዎቹ ጋር ከሄድሽ፣ በተለይ ደብረ ብርሃንን በመሰለ ከፍታ፣ ዕዳውን አምስተኛው ስድስተኛው ዙር ላይ ትከፍያለሽ። ለብዙ ልጆች የ«ትንፋሽ» ችግር ይሄ ብቻ ነው፤ መፍትሔውም ፔስ (የሩጫ ፍጥነት) ማስተካከል ነው።

ያንቺ ግን ከዚህ ይለያል። በፔስ ስሕተት የሚመጣ ድካም እግርን ያስራል፣ ደረትን ያስጨንቃል፤ ጉሮሮ ላይ አይታነቅም፣ ድምፅም አያወጣም።

አስምና የማንቁርት መጥበብ ሲሰሟቸው ይመሳሰላሉ፣ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የሚምታቱት። ስፖርት የሚያስነሳው አስም ትንንሾቹ የሳንባ ቧንቧዎች ሲጠቡ የሚመጣ ነው። በብዛት የሚብሰው ሩጫው ካለቀ በኋላ ነው፤ ካቆምሽ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ። ደረት ይጨመቃል፣ ሳል ይመጣል፣ ፉጨቱ የሚሰማው በተለይ አየር ሲወጣ ነው። ለመልቀቅ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከሩጫው በፊት ፓፍ ሲወሰድ ደግሞ በአብዛኛው ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። የማንቁርቱ ግን በሩጫው መሀል፣ ልክ ፍጥነቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይመጣል። የሚይዘው ጉሮሮ ላይ ነው። ድምፁ የሚሰማው አየር ሲገባ ነው። ስታቆሚ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቃል። ፓፍ አይሰማውም፤ ፓፍ የሚከፍተው የሳንባን ቧንቧ ነው፣ ማንቁርት ላይ የሚሠራው ሥራ የለውም። አሁን የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው።

ምን ሆኖ ነው የሚጠበው? የሃይላንድ ጠርሙስ አፍሽ ላይ ለጥፈሽ አየሩን በኃይል ሳቢው፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ማንቁርትም የአየር መግቢያው ጠባብ በር ነው። በደቂቃ 100 ሊትር አየር በዚያ ጠባብ በር ሲያልፍ ዙሪያው ያለው ለስላሳ አካል ወደ መሀል ይሳባል፣ አንዳንዴ የድምፅ አውታሮቹም ይገጥማሉ። በሩ ሲጠብ አንቺ ትደነግጫለሽ። ስትደነግጪ የበለጠ በኃይል ትስቢያለሽ። የበለጠ ስትስቢ የበለጠ ይጠባል። ይሄን አዙሪት መስበር ነው የሕክምናው ዋና ሐሳብ።

ብርቅ ነገርም አይደለም። በስዊድንና በዴንማርክ በወጣቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከ100 ወጣት ከ5 እስከ 8 በሚሆኑት ላይ አግኝተውታል። ሐኪም ጋ ይዘውት ከሚመጡት ውስጥ ልጃገረዶች ይበዛሉ። አንዱ ምክንያት የወንዶች ማንቁርት በጉርምስና ጊዜ በደንብ ስለሚሰፋ ነው፤ የልጃገረዶች ያን ያህል አይሰፋም፣ ሰውነትሽ ግን እየጠነከረ የሚጠይቀው አየር ይጨምራል። ስለዚህ ድሮ ያልነበረ ነገር በ15 በ16 ዓመት ሲጀምር አትደነቂ።

በራሴ ሥራ ያጋጠመችኝን አንዲት ልጅ አልረሳትም። ሁለት ዓመት ሙሉ የአስም መድኃኒት እየተጨመረላት ኖራ ነው የመጣችው። ቤተሰቧ መጨረሻ ላይ «እንጥሏ ወርዶ ነው» ብለው ለማስቆረጥ ቀን ቆርጠው ነበር። ትሬድሚል ላይ አስሮጥናት፣ ልክ ትንፋሿ ሲታነቅ ጠጋ ብዬ አዳመጥኳት። ደረቷ ንጹሕ ነበር፣ ድምፁ ከአንገቷ ነበር የሚመጣው። አንቺንም ማንም እንጥል እናስቆርጥሽ ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። ትንፋሽሽን የሚያስተካክለው ነገር የለም፤ መድማትና ኢንፌክሽን ግን ያመጣል፣ ሰውም ሞቶበታል።

ወደ ምርመራው ልምጣ። ይሄን ችግር በእርግጠኝነት የሚለየው እየሮጥሽ ሳለ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ማንቁርትሽን ማየት ነው። ኖርዌይ በርገን ያሉ ሐኪሞች በደንብ ያዳበሩት ምርመራ ነው፣ መሣሪያውም ልምዱም በየከተማው የሚገኝ አይደለም። ግን ከዚያ በፊት የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። አንደኛ፣ ቪዲዮ። ስፒድ በምትሠሩበት ቀን ጓደኛሽ ስልክ ይዛ ትጠብቅሽ፤ ልክ ሲታነቅሽ ፊትሽንና አንገትሽን ትቅረጽ፣ ድምፁ በደንብ እንዲሰማ ጠጋ ብላ። ሐኪም ቤት ስትደርሺ ሁሌ ደህና ነሽ፣ ያ ቪዲዮ ነው የሚናገርልሽ። ሁለተኛ፣ ስፓይሮሜትሪ የሚባለውን የትንፋሽ መለኪያ ከሩጫ በፊትና ከሩጫ በኋላ መንፋት። በመጀመሪያው ሰከንድ የምታወጪው አየር ከሩጫ በኋላ በ10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ወደ አስም ያመለክታል። ቁጭ ብሎ አንዴ ነፍቶ መሄድ ግን በቂ አይደለም። ሦስተኛ፣ የአንገት በላይ ሐኪም ጉሮሮሽን ይይልሽ። ሁለቱም በሽታ አብረው ያሉባቸው ልጆችም አሉ፤ ስለዚህ ፓፉን በራስሽ ውሳኔ አታቁሚው፣ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ።

ስለ ፓፍ ካነሳን አይቀር አንድ ማስጠንቀቂያ። ሳልቡታሞል (ብዙ የአስም ፓፍ ውስጥ ያለው መድኃኒት) በፓፍ መልክ ሲወሰድ በዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ሕግ በመጠን የተፈቀደ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1,600 ማይክሮግራም፣ በማንኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ600 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ። የሳልቡታሞል ኪኒንና ሽሮፕ ግን ክልክል ነው። እኛ አገር ሽሮፑ ለሳል ተብሎ በቀላሉ እጅ ይገባል። ገና ክለብ ልትገቢ በምትዘጋጂበት ዕድሜ በማታውቂው ነገር እንዳትቀጪ፣ የምትውጪውን ሁሉ ስሙን አንብቢ።

አስም ሆኖ ቢገኝስ? ከሩጫ አያስወጣሽም። ኃይሌ ገብረሥላሴ አስም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ ማራቶንን የተወው የከተማው አየር አስሙን እንዳይቀሰቅስበት ሰግቶ ነው፤ 10,000 ሜትሩን ሮጦ ስድስተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በርሊን ሄዶ ማራቶንን በ2፡03፡59 ሮጠና የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። እንግሊዛዊቷ የማራቶን ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍም አስም ይዛ ነው የሮጠችው። ትክክለኛው ስም ከታወቀ ትክክለኛው መድኃኒት ይገኛል። የሚጎዳሽ የተሳሳተ ስም ይዘሽ ዓመት መቁጠር ነው።

ሌሎች መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ፣ በአጭሩ ልለፋቸው። ሩጫ ላይ ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ፣ ደረትሽን የሚወጋ ወይም የሚጫን ሕመም ካለ፣ ልብሽ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ከቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ሩጫ አቁሚና ልብሽን ተመርመሪ። አገራችን ውስጥ በልጅነት ከቶንሲል ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚያበላሽ ሕመም አሁንም ብዙ ወጣት ይይዛል፣ የመጀመሪያ ምልክቱ አንዳንዴ ሮጦ ትንፋሽ ማጣት ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ካለ ደግሞ ቲቢ ይመርመር።

ደምሽንም ተለኪ። ሄሞግሎቢን ብቻ አይበቃም፣ የአይረን ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲንም ይታይ። የወር አበባ የምታይ፣ በብዙ ኪሎሜትር የምትሮጥ፣ ጾም የምትጾም የ17 ዓመት ልጅ የአይረን ክምችቷ ሳታውቀው ሊያልቅ ይችላል። ደም የሚሸከመው ኦክስጅን ካነሰ ምንም ያህል ብትተነፍሺ ትንፋሽ ያጥራል። ምግብ ላይ ቡናና ሻይ አትደርቢ፣ አይረኑን እንዳይገባ ያደርጋሉ፤ አንድ ሁለት ሰዓት አሳልፊና ጠጪ። ሽሮውና ምስሩ ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ብርቱካን ጨምሪበት፣ እነሱ ያስገቡታል። ኪኒኑን ግን ሳትመረመሪ አትጀምሪ።

ጭስም አለ። ጠዋት ከሩጫ በፊት ማገዶ የሚጨስበት ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ፣ ከዚያ ወጥተሽ አስፋልት ዳር ከአይሱዙ ኋላ ከሮጥሽ፣ ጉሮሮሽም ሳንባሽም ተቆጥቶ ነው ትራክ የምትደርሺው። ኮሮኮንች መንገድ፣ ሜዳ፣ ጫካ ይሻልሻል።

አሁን ወደ ልምምዱ።

በትንፋሽ ልምምድ ስም የሚጠራው ነገር ብዙ ነው፣ አንዱን ከአንዱ መለየት አለብን። ለጤነኛ ሯጭ በጥናት የተሻለ ድጋፍ ያለው የመተንፈሻ ጡንቻን በክብደት ማሠራት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አየር የሚያስገባልሽ ሳንባ አይደለም፣ ጡንቻ ነው፤ ዋናው ደረትና ሆድን የሚለየው ድያፍራም ነው። በኃይል ስትሮጪ እነዚህ ጡንቻዎች ብቻቸውን ሰውነትሽ ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊወስዱ ይችላሉ። ሲደክሙ ደግሞ ሰውነት ለእነሱ አድልቶ ወደ እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። እግርሽ ድንገት ሲከብድብሽ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አየር ሲሳብ የሚያስቸግር ትንሽ መሣሪያ ተሠራ። ከአቅምሽ ግማሽ በሚሆን ጫና ጠዋት 30 ማታ 30 ጊዜ ትስቢበታለሽ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። የጡንቻው ጉልበት ከ20 በመቶ በላይ ሊጨምር ይችላል። የሩጫ ሰዓት ላይ የሚታየው ለውጥ ግን ትንሽ ነው፤ በአንዳንዱ ጥናት ታይቷል፣ በአንዳንዱ አልታየም። ሰውነት በከፍተኛ ጥረት የሚጠቀመውን የኦክስጅን መጠን አይለውጠውም። ብዙዎቹ ጥናቶች ደግሞ ጥቂት ሰው ላይ፣ እሱም አዋቂ ላይ የተሠሩ ናቸው። መሣሪያው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ርካሽ አይደለም። ጤነኛ የ17 ዓመት ሯጭ ያንን ብር ጫማና ምግብ ላይ ቢያውለው እመርጣለሁ፤ ይሄ የግሌ አቋም ነው።

ላንቺ ግን፣ ማንቁርት ከሆነ፣ ልምምዱ ዋናው ሕክምና ይሆናል። የሚፈልገው መሣሪያ ሳይሆን ትዕግሥት ነው። እኔ እንዲህ ነው የማስጀምረው።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ነው፣ በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ። አንድ እጅ ሆድ ላይ፣ አንድ እጅ ደረት ላይ። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ የሆድሽ እጅ ይነሣ፣ የደረትሽ እጅ ዝም ይበል። ስታወጪ ትኩስ ሻይ እንደምታበርጂ ከንፈርሽን ጠበብ አድርገሽ ረዘም አድርገሽ አውጪ። ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ከወጣ ተሳስተሻል። አምስት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። አንድ ሳምንት ይሄን ብቻ ሥሪ። ቀላል ነው ብለሽ አትናቂው፤ ብዙ ሯጮች ሲጀምሩ ተቃራኒውን ነው የሚሠሩት፣ ሲስቡ ሆዳቸው ወደ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጉሮሮውን ጨምሪ። ምላስሽ ከታችኛው ጥርስሽ ኋላ ጠፍጣፋ ይረፍ፣ መንጋጋሽ ይላላ። ስታወጪ «ፍፍፍ» እያልሽ አውጪ። ስትስቢ በስትሮው እንደምትስቢ ከንፈርሽን አሹለሽ፣ ድምፅ ሳይኖረው፣ ለስለስ አድርገሽ ሳቢ። ከንፈር ላይ ሲጠብ አየሩን ከንፈር ይቆጣጠረዋል፣ ማንቁርት ላይ የሚያርፈው ስበት ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሐሳብሽ ከጉሮሮሽ ወደ ከንፈርሽ ይሄዳል፤ ድንጋጤውን የሚቀንሰው አንዱ ይሄ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ እየተራመድሽ፣ ቀጥሎ ኢዚ እየሮጥሽ አድርጊው። ከእርምጃሽ ጋር አስማሚው፤ በኢዚ ሦስት እርምጃ ማስገባት ሦስት እርምጃ ማስወጣት፣ ፈጠን ሲል ሁለት በሁለት። ሰው ሲሮጥ ትንፋሹና እርምጃው በራሱ እንዲህ ይገጣጠማል፣ ስለዚህ አታስገድጂው። ካልተመቸሽ ተዪው፣ ቁጥሩ ሕግ አይደለም።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ወደ ትራክ ውጪ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው። በአንዴ 5,000 ፔስ አትግቢ። ችግሩ ከሚጀምርበት ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ባለ ፔስ 400 ሜትር ሩጪ፣ በመሀል በቂ ዕረፍት ውሰጂ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ጨምሪ። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ስትገቢ ትከሻሽን ጣይ፣ መንጋጋሽን አላሊ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ አውጪ። ማስወጣቱ ላይ አተኩሪ፤ በደንብ ያወጣ ሰው ለመሳብ አይጨነቅም። ማነቁ ሲጀምርሽ ገና በጠዋቱ፣ ሲጥታው ሳይሰማ፣ ፔሱን ትንሽ ቀንሺና ሁለት ሦስት ጊዜ በከንፈር ሳቢ። ከዘገየሽ ግን ቁሚ፤ እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ ጎንበስ በዪ፣ በ«ፍ» እያወጣሽ ጠብቂው፣ ይለቃል። እስካሁንም ሁሌ ለቆሻል።

ያቺ ልጅ፣ የነገርኩሽ፣ ሦስት ወር ነው የፈጀባት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት ምንም ለውጥ የለም ብላ እያለቀሰች ትደውልልኝ ነበር። በአካባቢሽ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ብታገኚ እሱም ይረዳሻል፤ ማንቁርትን ማላላት የሥራቸው አካል ነው።

የጓደኞችሽን ልምምዶች ደግሞ አንድ በአንድ ልንገርሽ። በአፍንጫ መሮጥ ለኢዚ ችግር የለውም፤ አየሩን ያሞቃል፣ ያጣራል፣ በጠዋቱ የደብረ ብርሃን ብርድ ጥሩ ነው፣ ፔስሽንም ይገድብልሻል። በውድድር ፍጥነት ግን አፍንጫ የሚፈለገውን አየር አያስገባም። አፍሽን ክፈቺ። ትንፋሽ ይዞ መሮጥ አትሞክሪ፤ ራስ ያዞራል፣ ሊጥልሽ ይችላል፣ ላንቺ ጉሮሮ ደግሞ ድንጋጤውን ማለማመድ ነው የሚሆነው። ውኃ ውስጥማ ማንም ብቻውን አያድርገው፣ ሰው ይሞትበታል።

ማስኩ በጣም ነው የሚገርመኝ። «ከፍታ ላይ እንደመሮጥ ነው» ተብሎ ነው የሚሸጠው። ከፍታ ማለት የአየር ግፊት መቀነስ ነው፤ ማስክ ግፊቱን አይቀንሰውም፣ አየሩን መሳብ ብቻ ነው የሚያከብድብሽ። ደግሞስ አንቺ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝተሽ 2,800 ሜትር ላይ ትሮጫለሽ! ከውጭ አገር የሚመጡ ሯጮች ይሄን ፍለጋ ነው ሱሉልታና እንጦጦ ድረስ የሚመጡት። በዚያ ላይ ማስኩ ስበቱን ስለሚጨምር ላንቺ ማንቁርት ሊያብሰው ይችላል። አትግዢው፣ ተውሰሽም አትሞክሪው።

ከእነሱ ሁሉ ልትወስጂ የምትችዪው አንድ ነገር ቢኖር ማታ የሚደረገው ዘገምተኛ ትንፋሽ ነው። በደቂቃ ስድስት ያህል ብቻ፣ ማስወጣቱ ከመሳቡ ረዘም ብሎ፣ አሥር ደቂቃ። ሩጫ አያፈጥንም። የልብ ምትን ያረጋጋል፣ የውድድር ዋዜማ ላይ እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ ይረዳሻል።

ከውድድር በፊት ማሟሟቅሽንም አታሳጥሪ። 15 ደቂቃ ኢዚ፣ ከዚያ አራት አምስት አጫጭር ፈጣን ሩጫ። አስም ያለበት ሰው ላይ ይሄ ብቻውን የሕመሙን ኃይል ሊያበርድለት ይችላል፤ ላንቺም ትንፋሽሽ ሳይደነግጥ እንዲነሣ ያደርገዋል።

የቀረው የአሰልጣኝሽ ነገር ነው። ፍርሃት አለ፣ አልክድም፤ ጉሮሮሽ ስድስት ጊዜ ከታነቀ ሰባተኛው ዙር ሲመጣ መፍራትሽ አይቀርም። ግን ፍርሃቱ ከማነቁ በኋላ የመጣ ነው። አትከራከሪያቸው፣ ይሄን ጽሑፍ አሳዪያቸው። ቀጣዮቹን መስመሮች ለእሳቸው ነው የምጽፈው።

ጋሼ፣ ልጅቷን በየቀኑ የሚያዩዋት እርስዎ ነዎት፣ ከማንኛችንም በላይ ሊረዷት የሚችሉትም እርስዎ ነዎት። በሚቀጥለው የስፒድ ቀን ከመነሻው መስመር ይልቅ ሰባተኛው ዙር ላይ ኩርባው ጋ ይቁሙላት። ስታልፍ ሰዓቱን ትተው ትንፋሿን ያዳምጡ። ድምፁ አየር ስትስብ ነው የሚሰማው ወይስ ስታወጣ? ከአንገቷ ነው ወይስ ከደረቷ? ካቆመች በኋላ በስንት ደቂቃ እንደለቀቃት በሰዓትዎ ይያዙና ወረቀት ላይ ይጻፉላት። ወረቀቱንና ቪዲዮውን ይዛ ሐኪም ጋ ትሂድ። ስድስት ሳምንት ውድድር አያስገቧት፣ ከክለቡም አያስወጧት።